የሳሎኑ ሳቅ ከመቲ ሲታይ፦ በትንሽ ገንዘብ ስለተሠሩ የቤተሰብ ኮሜዲዎችና ስለ ተመልካቾቻቸው ፍርድ

ስለ አንድ ያረጀ የአማርኛ ኮሜዲ ፊልም ተመልካች የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «አሪፍ ነው» ይላል፤ ወይም «ቀሽም ነው»። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስር ሦስተኛ ፍርድም አለ፤ «ቀሽም ነው፣ ግን ያስቃል»። እኛ የሂስ ሰዎች ይህን ሦስተኛውን ለመስማት ትዕግሥት አልነበረንም። ምስሉ የገረጣ፣ ድምፁ ከግድግዳ እየተጋጨ የሚመለስ፣ ታሪኩ ከውጭ ፊልም የተገለበጠ ሥራ ሰውን ሲያስቅ ጥፋቱን በተመልካቹ ላይ አሳበብን። ዓይኑ ገና አልተገራም፣ አማራጭ አላገኘም አልን። ለእኔ ግን ከሦስቱ ፍርዶች አስተዋዩ ሦስተኛው ነው። ተመልካቹ የፊልሙን ድህነት አይቷል፤ አይቶም ሳቁን ከድህነቱ ለይቶ መዝኖታል። ሂስ ሥራውን መጀመር ያለበት ተመልካቹ ካቆመበት ላይ ነው፤ ያሳቀው ምንድን ነው? የተሳቀውስ በማን ላይ ነው?

ጥያቄውን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ማንሳት ይቻላል፤ መልሱ ግን ከጥያቄው ቀድሞ ይታወቃል። ፊልሞቹ የተጻፉት፣ የተቀረጹትና በመጀመሪያ የታዩት እዚያው ነው፤ ቀልዱም የከተማው የራሱ ቀልድ ነው። ስለዚህ የተመልካቹን ወንበር ራቅ አድርጌ መቲ ላይ ላስቀምጠው። መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን መቀመጫ ናት፤ ከቴፒ ብዙም በማትርቀው በጎደሬ ወረዳ፣ በቡናና በማር አገር። በዙሪያዋ ያለውን የማጃንግ ደን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ማጃንግኛ ከናይሎ ሳህራዊ ቋንቋዎች የሱርሚክ ወገን ነው። ከማጃንጎቹ ጋር ለቡና፣ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ ከየአቅጣጫው የመጡ አማሮች፣ ኦሮሞዎች፣ ከፊቾዎችና ሸከቾዎች ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ገበያውም የሚግባባው በአብዛኛው በእሱ ነው። እንግዲህ አንድ የአማርኛ ኮሜዲ እንዲህ ባለ ከተማ ሲታይ አጠገብ ለአጠገብ ከተቀመጡት ሰዎች ለአንዱ የእናቱ ቋንቋ ነው፣ ለሁለተኛው የትምህርት ቤት ቋንቋ፣ ለሦስተኛው ዕቃ ሲሸጥ የሚከራከርበት ቋንቋ። ሦስቱም ቀልዱን ይሰሙታል። በአንድ ጆሮ ይሰሙታል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው።

ይህን የዋህነት ምሁራዊ ጽሑፎችም አልፎ አልፎ ይጋሩታል። ማይክል ቶማስ፣ አሌሳንድሮ ጄድሎውስኪና አቦነህ አሻግሬ በ2018 እ.ኤ.አ. አርታኢ ሆነው ያሳተሙት «ሲኒ ኢትዮጵያ» የተሰኘው የጥናቶች መድበል ለአገራችን ፊልም ትልቅ ውለታ ውሏል። ቶማስ በዚያ ባቀረበው ምዕራፍ የአማርኛን ፊልም ዘውጎች ከውጭ በተዋሰ ስም ሳይሆን ሠሪውና ተመልካቹ በሚጠሯቸው ስሞች ነው የሚያጠናው፤ የፍቅር ፊልም፣ አስቂኝ የፍቅር ፊልም፣ ልብ አንጠልጣይ፣ የቤተሰብ ፊልም። ይህ አካሄድ ትክክል ነው። ያም ሆኖ ጥናቱ በልቡ የያዘው ተመልካች ትኬት ቆርጦ አዳራሽ የሚገባው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ከዋና ከተማው ውጭ ያለው ተመልካች ትኬቱን አልቆረጠም፤ ፊልሙ ወደ እሱ የሄደው በሌላ መንገድ ነው።

መንገዱ ቪዲዮ ቤት ነበር። በየወረዳ ከተማው የነበረውን ያየ ሰው ያውቀዋል፦ በጣውላ አግዳሚ የተሞላ ጨለማ ክፍል፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ መብራት ሲጠፋ እያጓራ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ። የቪዲዮ ቤት ዋና እንጀራ የካራቴና የሕንድ ፊልም፣ በኋላም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነበር። የአማርኛ ፊልም ተራውን ያገኘው ቪሲዲና ዲቪዲ ሲረክስ ነው። ቀጥሎ ዲሽ መጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ አስተርጉሞ ሲጀምር የምሽቱ ሰዓት ለተከታታይ ድራማ ተሰጠ። ከዚያ ደግሞ «ፊልም እንጭናለን» ብለው በር ላይ የጻፉ ሱቆች ፊልሙን በሚሞሪ ካርድ ወደ ኪስ አስገቡት። ይህን ሁሉ የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተመልካች ዝም ብሎ አያይም፤ ለተዋናዩ ይመልስለታል፣ ያስጠነቅቀዋል፣ ይሰድበዋል። ቀልደኛ ጎረምሳ ከኋላ ወንበር የሚጥላት አንዲት ቃል አንዳንዴ ከፊልሙ ቀልድ ትበልጣለች። ፍርዱ እዚያው ፊልሙ ሳያልቅ የሚሰጥና በሕዝብ ፊት የሚጸድቅ ነበር። ሚሞሪ ካርዱ ይህን ሸንጎ በተነው፤ ዛሬ ያንኑ ፊልም በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን የሚያይ ወጣት ከጎኑ አብሮት የሚስቅ የለውም። አንድ ፊልም «ድሮ ያስቀኝ ነበር፣ አሁን ግን አላሳቀኝም» ሲባል ያረጀው ፊልሙ ነው ከማለት በፊት አግዳሚው የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የክርክሬ ሥር ያለው እዚያ ነው። «በትንሽ በጀት የተሠራ» ሲባል ሰው የሚያስበው ምስልና ድምፅን ነው፤ ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ሥዕሉ ደበዘዘ፣ ድምፅ ቀራጭ ስለሌለ የመኪና ጡሩምባ ንግግሩን ዋጠው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ላይ ላዩ ነው። የበጀት ማነስ ከዚህ በፊት የሚወስነው ሌላ ነገር አለ፤ ሳቁ ከየት እንደሚመጣ። መንግሥታዊው የፊልም ኮርፖሬሽን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተዘጋ በኋላ የአማርኛን ፊልም ያቆሙት የግል ሰዎች ናቸው፤ ከኪሳቸው፣ ከዘመድ ብድር፣ አንዳንዴም ቤታቸውን ሸጠው። በቪዲዮ ካሜራ፣ በጥቂት ቀናት፣ በተለመነ ወይም በተከራየ ቪላ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያለ ዳይሬክተር ቀልድ ሲፈልግ ወዴት ይሄዳል? ሰው ከደረጃ ላይ ተንከባልሎ፣ ከነተሸከመው ሳህን ተጋጭቶ፣ በትክክለኛዋ ሰከንድ ተነስቶ እንዲያስቅ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ሳህኑ ተሰብሮ እንደገና መገዛት፣ ትዕይንቱም ደጋግሞ መቀረጽ አለበት። ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ሲቲ ላይትስ» ባለታሪኩ ከዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር የሚገናኝበትን አጭር ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንደቀረጸው ይነገራል። ድምፅ አልባው የሰውነት ቀልድ ለዓይን ቀላል ነው፤ ለኪስ ግን ከሁሉ ውድ ነው። ማውራት ርካሽ ነው፣ መውደቅ ውድ።

ስለዚህ የእኛ ኮሜዲ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አወራ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት፣ ካሜራው ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ሳቁም ሙሉ በሙሉ ከአፍ። የንግግር ቀልድ በአማርኛ ታላቅ ሀብት እንዳለው አይካድም፤ ሰምና ወርቅ፣ ተረብ፣ የአራዳ ቋንቋ። ነገር ግን ጥሩ ሰምና ወርቅ መጻፍም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ቸኩሎ ለሚሠራ ሰው የተረፈው አንድ አቋራጭ ነው፤ አነጋገር። ገጸ ባሕርዩ ምን አለ ሳይሆን እንዴት አለው። ዘበኛው «ቀ»ን ሲስት፣ ሠራተኛይቱ ተባዕቱንና አንስታዩን ስታምታታ፣ ከገጠር የመጣው አጎት ስለ ሊፍት በሚገርም ዜማ ሲጠይቅ አዳራሹ ይስቃል፤ ለዚያም ደራሲ አላስፈለገም። በእኔ ግምት በእነዚህ ፊልሞች ላይ የምናያቸው የአነጋገር ቀልዶች ብዛት ከደራሲዎቹ ንቀት ይልቅ ከሒሳባቸው የመነጨ ነው። ከሒሳብ የመነጨ መሆኑ ግን ንቀቱን አያጠፋውም።

አሁን የመቲው ወንበር ትርጉም ያገኛል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው የዘበኛውን ስህተት ሲሰማ ከአዲስ አበባው ተመልካች የተለየ ነገር ይሰማል፤ ትናንት መምህሩ ያረመውን፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን ሲያስረዳ ጸሐፊዋን ፈገግ ያሰኛትን የራሱን ስህተት። ይህ ሰው አይስቅም ማለቴ አይደለም። ይስቃል፤ ምናልባትም ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የራስን ነገር በስክሪን ላይ ማየት በራሱ ደስታ አለው፤ በሌላ ሰው ስህተት መሳቅም «እኔ ይህን አልፌዋለሁ» ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሳቅ ውስጥ ጥቂት ጥርስ መንከስ አለበት፤ ፍርዱም «ያስቃል፣ ግን…» ብሎ የሚንጠለጠለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። እኛ «ግን» የሚለውን ስለ ካሜራ ጥራት አድርገን ተረጎምነው።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። የሚቀለድበት አነጋገር ሁሉ ለአዲስ አበባ ጆሮ የሚታወቅ አነጋገር ነው፤ ከተማይቱ በየቀኑ በታክሲዋ፣ በገበያዋ፣ በጓዳዋ የምትሰማቸው ሰዎች ድምፅ። በሰፊው ከታዩት የአማርኛ ኮሜዲዎች ውስጥ ማጃንግ የሆነ ገጸ ባሕርይ ያለበት አንድም አላስታውስም፤ መሳቂያም ሆኖ ቢሆን። ጋምቤላ በአማርኛ ፊልም ውስጥ ከታየችም የምትታየው የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ቅጣት የሚዛወርባት ሩቅ ቦታ ሆና ነው። እንግዲህ የማጃንጉ ወጣት ተመልካች የሚስቀው በሌላው አነጋገር ነው፤ የራሱ ድምፅ ለቀልድ እንኳ አልተመረጠም። መሰደብና አለመጠራት የቱ ይከብዳል? ቀላል መልስ የለኝም። ሆኖም ስለ ተመልካች አስተያየት የሚጽፍ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ «የውክልና ችግር» በሚል ጠቅላላ ስም ባይደባልቃቸው መልካም ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ተመልካቹ ከፊልሙ ጋር ጠብ አለው። በሁለተኛው እንግዳ ነው፤ ለቀልዱም ለቅያሜውም ባለቤት አይደለም።

ማን ከየት መጣ የሚለው ጉዳይ በዚያ አካባቢ ሁልጊዜ ቀልድ ሆኖ እንዳልቀረም መርሳት የለብንም። በ2007 ዓ.ም. መባቻ በጎደሬና በአካባቢው በማጃንጎችና ከሌላ አካባቢ በመጡ ነዋሪዎች መካከል የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቷል፣ ብዙዎችንም አፈናቅሏል። ፊልሞቹ ለዚህ ተጠያቂ ናቸው የሚል ሰው ካለ ቀልዱ እሱ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ «ምንም ማለት አይደለም፣ ጨዋታ ነው» የሚባለው የአነጋገር ቀልድ ሌላ ቦታ ሲደርስ ክብደቱ እንደሚለወጥ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀልድ አንድ ዓይነት ሚዛን ይዞ አይጓዝም።

የእኛ ኮሜዲ ከጥንቱም እንዲህ ነበር ወይ? አልነበረም፤ እንዲያውም ዘሩ ተቃራኒ ነው። በአለቃ ገብረሃና ስም የሚነገሩት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ባለጸጋውን፣ ባለሥልጣኑን፣ ራሳቸውን ቄሱንም ይነካሉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን ኮሜዲ ነው፤ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን በ1910ዎቹ ሲያቀርቡ እንስሳቱ የቆሙት በሹማምንት ቦታ ነበር። ሹማምንቱም ገባቸው፤ ተውኔቱ ታገደ። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ የጻፋቸው «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ በቀጥታ የቤተሰብ ኮሜዲዎች ናቸው። በ«ያላቻ ጋብቻ» ከትልቅ ቤት የተወለደ የተማረ ወጣት የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሳል፤ ዘመድ ይንጫጫል። ጉዳዩ ያው ሳሎን፣ ያቺው ሠራተኛ፣ ያው የዘመድ ጣልቃ ገብነት ነው። ልዩነቱ የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ነው። መንግሥቱ ለማ በሠራተኛይቱ አነጋገር ሊያስቁን አይፈልጉም፤ የሚያስቁን በዘር ቆጣሪዎቹ ጭንቀት ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ሳቅ ነው። መድረክም እንደ ርካሽ ፊልም በንግግር ብቻ የሚኖር መሆኑን ልብ እንበል፤ ንግግር ላይ መደገፍ የግድ ወደ ታች አይመራም ማለት ነው። የበጀት ሰበብ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የደራሲው ምርጫ ነው።

በፊልሙ ታሪክ ወሳኙ ዓመት 1999 ዓ.ም. ነው። የአድማሱ ከበደና የሄኖክ አየለ «የወንዶች ጉዳይ» የወጣው ያን ጊዜ ነው። ከእሱ በፊት «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉ ሥራዎች ቪዲዮ የአዲስ አበባን አዳራሽ ሊሞላ እንደሚችል አሳይተው ነበር፤ ግን በእንባ። «የወንዶች ጉዳይ» በሳቅም እንደሚሞላ አረጋገጠ፤ ከዚያ በኋላ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ጎርፍ ሆነ። ይህን ፊልም ዛሬ የሚያየው ሰው የቴክኒክ ጉድለቱን ሳይፈልግ ያገኘዋል። ሆኖም የሳቁ ዋና ዒላማ ከስሙ ጀምሮ ግልጽ ነው፤ ወንዶቹ ራሳቸው፣ በፍቅር ጉዳይ አዋቂ መስለው መዘባረቃቸው። አስቂኙና የሚሳቅበት አንድ ሰው ሲሆን ቀልዱ ረጅም ዕድሜ ያገኛል። ተከታዮቹ ግን ከእሱ የወሰዱት ቀላሉን ነው፤ ጥንዶቹን፣ ሶፋውንና ሙዚቃውን። ዒላማውን ወደ ዘበኛው ቤት አዞሩት። በቴሌቪዥን የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» የቤተሰብ ኮሜዲን ለረጅም ጊዜ ሲያቀርብ ተመልካቹ በየሳምንቱ የጠበቀው፣ በእኔ እይታ፣ የቤቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ስለሆኑ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ለወራት አብሮን ሲኖር አነጋገሩ ብቻውን ሊያስቅ አይችልም፤ ተንኮሉን፣ ስስቱን፣ ፍቅሩን ማወቅ እንጀምራለን። የሁለት ሰዓቱ ፊልም ይህ ዕድል የለውም።

ተመልካች ስለ ቤተሰብ ኮሜዲ የሚናገረው አንድ ሌላ ምስጋና አለ፤ «ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ የሚታይ ነው»። ሂስ ይህንንም ንቆ ያልፈዋል፤ የግብረ ገብ እንጂ የጥበብ ፍርድ አይደለም ብሎ። እኔ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ። ይህ ፍርድ ስለ ፊልሙ ይዘት ብቻ አይናገርም፤ ስለ ክፍሉም ይናገራል። አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የተከራይ ሚስት አብረው ያያሉ። እፍረት የሚያመጣ ትዕይንት ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ አንዱ ውኃ ሊጠጣ ይነሳል፣ አንዱ ሪሞቱን ይፈልጋል። «ከቤተሰብ ጋር የሚታይ» ማለት ማንም ከክፍሉ እንዲወጣ የማያስገድድ ማለት ነው። ይህ መለኪያ ከተያዘ ለአነጋገር ቀልዱም ይሠራል። ሠራተኛይቱ ቡና እያፈላች በዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነች፣ በስክሪኑ ላይ ደግሞ ስለ ሠራተኛ አነጋገር እየተቀለደ ከሆነ፣ ያ ፊልም ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ነው? አብዛኞቻችን ገላን እንጂ ይህን እንደ ነውር አልቆጠርነውም። መለኪያው ግን የተመልካቹ የራሱ ነው፤ እኛ ከውጭ ያመጣነው አይደለም። እስከ መጨረሻው አልተገበርነውም እንጂ።

እንደ መቲ ባለ ቦታ ደግሞ «ቤተሰብ» የተባለው ቡድን ራሱ ከፊልሙ ቤተሰብ ጋር አይመሳሰልም። ጃክ ስታውደር በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ማጃንጎች ባሳተመው ጥናት የገለጸው ማኅበረሰብ በደን ውስጥ በትናንሽ ሠፈሮች የሚኖር፣ እርሻውን እየተከተለ መኖሪያውን የሚያዛውር፣ የባላባትና የጭሰኛ ደረጃ ያልነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ መቲም ዛሬ እንደ ሌላው ከተማ ቆርቆሮ ቤት፣ ባጃጅና ቢሮ ያላት ናት። ነገር ግን የፊልሙ ቤት፣ ማለትም የብረት በር፣ ዘበኛ፣ ሳሎን፣ ከሳሎን የተለየ ጓዳ፣ የአንድ የተወሰነ ታሪክ ቤት ነው። ጌታና ሎሌን በአንድ ግቢ ያኖረ ታሪክ። የዘበኛው ቀልድ የሚያስቀው ይህ ታሪክ በደሙ ያለውን ሰው ነው። ሌላው የሚስቀው ቀልዱን ተምሮ ነው፤ ከቀልዱ ጋርም ደረጃውን ይማራል።

ስለ ማርጀት ጥቂት ልበል። ዛሬ ስለ 1990ዎቹና ስለ 2000ዎቹ ኮሜዲዎች የሚሰማው አስተያየት በትዝታ የራሰ ነው፤ «ድሮ ፊልም ነበር»። ያኔ «ፊልም ሞተ» ይባል እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ፊልሞቹ በዩቲዩብ ሁለተኛ ዕድሜ ማግኘታቸው ፍርዱን አለስልሶታል፤ ገንዘብ ተከፍሎ የታየ ፊልምና በነጻ የተገኘ ፊልም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ናይጄሪያ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣውን «አኪ ና ኡክዋ»ን እንውሰድ። ቺነዱ ኢኬዲዜና ኦሲታ ኢሄሜ የተባሉ ሁለት ጎልማሶች እንደ ረባሽ ሕፃናት ሆነው የሠሩበት፣ በጥቂት ገንዘብ የተቀረጸ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ የሁለቱ የፊት ገጽታ ከፊልሙ እየተቆረጠ በዓለም ዙሪያ ወጣቶች በስልክ የሚቀባበሉት መቀለጃ ሆነ። ብዙዎቹ ተቀባባዮች ፊልሙን አላዩትም። ፊልሙ ያተረፈው ንግግሩን ሳይሆን ፊቱን ነው። ከንግግር በላይ ሰውነት ድንበር እንደሚሻገር የሚያሳይ ነው፤ የሕንድ ፊልም ቋንቋው ሳይገባን ለአሥርት ዓመታት ቪዲዮ ቤቶቻችንን የሞላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛ የሶፋ ኮሜዲዎች እንዲህ ያለ ፊት ለነገ ማትረፋቸውን እጠራጠራለሁ። ካሜራው ተናጋሪውን እንጂ ሰሚውን ብዙም አላየም፤ ሳቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በሰሚው ፊት ላይ ነው።

ድህነቱን ራሱን የቀለደበት ፊልምም አለ፤ በኡጋንዳ፣ በካምፓላ ዋካሊጋ መንደር አይዛክ ናብዋና በ2010 እ.ኤ.አ. የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ከ200 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ወጪ እንደተሠራ ይነገርለታል። ውጭ አገር ብዙ ሰው በድህነቱ ሳቀ። ፊልሙ ግን በላዩ ላይ የሚናገር ቪጄ የሚባል ተራኪ ስላለው ተመልካቹን በሳቁ ቀደመው፤ የራሱን ጉድለት ራሱ ይቀልድበታል። በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች ቪጄው የውጭ ፊልምን በአካባቢው ቋንቋ እየተረጎመ፣ እየጨመረ፣ እየተሳለቀ ይተርካል። እኛም የራሳችን አለን፤ አንድ ድምፅ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚተርክባቸው «ትርጉም ፊልሞች» በሚሞሪ ካርድና በዩቲዩብ ገጠር ድረስ ዘልቀዋል። አቅጣጫው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ። ከአማርኛ ወደ ማጃንግኛ፣ ወደ ኑዌርኛ ወይም ወደ አኝዋክኛ ሲሆን አላየሁም። ያረጀ የአዲስ አበባ ኮሜዲ በዚህ መንገድ በመቲ ቢተረክ የዘበኛው አነጋገር ቀልድ በትርጉሙ ውስጥ ሊያልፍ አይችልም፤ ተራኪው በቦታው ሌላ ቀልድ መፍጠር ይኖርበታል። ዘበኛው የሚለው ሳይሆን ጌትዬው የሚያደርጉት፣ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ሲጠየቁ ስልክ መቀበላቸው፣ ለእንግዳ ውስኪ ቀድተው ለዘበኛው ሻይ መከልከላቸው፣ በምስሉ ላይ አለ። ዳይሬክተሩ ቀርጾታል፤ ግን ቀልድ መሆኑን አላወቀም።